ክረምትን ከደጃፍ ላይ፦ የሳምንቱ ፎቶ ጥያቄና መልስ

የሳምንቱ ፎቶ ደንብ አጭር ነው። በየሳምንቱ አንድ ርዕስ ይወጣል፤ ከግቢ ወይም በእግር ከሚደረስበት ቦታ የተነሳ አንድ የተፈጥሮ ፎቶ ይላካል። ሐምሌ ሲገባ ግን ላኪው ተመናመነና ጠያቂው በዛ። አብዛኛው የሚለው “ዝናብ ነው፣ ምን ይነሳል?” ነው። እኔ ደግሞ የጎንደር ክረምት ከበጋው ይልቅ ለፎቶ ይመቸኛል። በጋ ላይ ከረፋድ በኋላ ብርሃኑ ይጨክናል። ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ጋሼ፣ የማነሳው በስልክ ነው። ደመና ሲሆን ፎቶዬ ሁሉ ግራጫ ይሆናል። ካሜራ ልግዛ?

ለዚህ ብለህስ አትግዛ። ጣጣው ያለው ሰማዩ ላይ ነው። ነጭ ሰማይ ፎቶው ውስጥ በሰፊው ከገባ፣ ስልኩ ለእሱ ሲል መሬቱን ያጨልመዋል። ስለዚህ ሰማዩን አስወጣው። ወደ ታች ተመልከት፤ ሣሩን፣ የዛፉን ግንድ፣ ካቡ ላይ የበቀለውን የድንጋይ ሽበት። ደመና ብርሃኑን ስለሚበትነው ጠንካራ ጥላ የለም፤ የቅጠሉም ቀለም ይጠልቃል። ስክሪኑ ላይ የምታነሳውን ነገር ንካና ብርሃኑን ትንሽ ቀንስ። ጉም ሲሆን ግን ተቃራኒው ነው። ስልኩ ነጩን ጉም አመድ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ብርሃኑን ጨምር።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት ልውጣ?

ጠዋት። ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት እንዳለፈ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላን ይመርጣል። ሁለተኛው ሰዓት ማታ 11 ገደማ ነው፣ ዝናቡ አባርቶ በምዕራብ በኩል ደመናው ከተሰነጠቀ። ያኔ ፀሐይን ጀርባህ ላይ አድርገህ ወደ ምሥራቅ እይ። ቀስተ ደመና ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ ነው የሚወጣው። ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለች ግን መሬት ላይ ለቆመ ሰው አይታይም። በቀትር አትጠብቀው።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ዶፍ ሲወርድ አነሳለሁ፤ ፎቶው ላይ ግን ዝናብ የለም!

ይህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ዝናብ የሚታየው ከጀርባው ጨለማ ነገር ሲኖር ነው። ሰማይን ወይም ነጭ ግድግዳን ከኋላ ካደረግሽ ይጠፋል። ጥቁር አረንጓዴ ጽድ፣ የተከፈተ የጓዳ በር፣ ጥላ ውስጥ ያለ ካብ ፈልጊ። ብርሃኑ ከጎን ወይም ከፊት ለፊትሽ ቢመጣ ደግሞ ጠብታው ያበራል።

ቀጥሎ የማንሻው ፍጥነት ነው፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ። ስልክሽ “ፕሮ” የሚል ምርጫ ካለው ግቢበት። የሰከንድ 1/30ኛ ላይ ዝናቡ ክር ክር ይሆናል፤ 1/1000ኛ ላይ ጠብታው አየር ላይ ይቆማል፣ ግን በቂ ብርሃን ይፈልጋል። ፍላሽ አጥፊ፤ ቅርብ ያለውን ጠብታ ነጭ ነጠብጣብ አድርጎ ያበላሸዋል።

ለጀማሪ ግን ከዝናቡ ይልቅ ጠፈጠፉ ይሻላል። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ደጋግሞ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ባልዲ አስቀምጪለት። ጠብታው የሚያርፍበት ላይ እንጨት ያዥና ፎከሱን እዚያ ላይ ቆልፊ፣ በጣት ጫን ብሎ መቆየት ነው። ከዚያ እንጨቱን አንሺና በተከታታይ አንሺ። አብዛኛው አይረባም። አንዱ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ጉልበቴ ስለማይፈቅድ ከግቢ አልወጣም። ለእኔ የሚሆን አለ?

እንዴታ እትዬ! ጓሮዎ ጎመን ካለ ሌላ አይፈልጉ። የጎመን ቅጠል ላዩ ሰም ስላለው ውሃው አይሰርግም፤ እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ ወንበር ይዘው ቅጠሉ አጠገብ ይቀመጡ። ስልኩን በጣም አያስጠጉት፣ ፎከስ ይጠፋበታል። ትንሽ ራቅ ብለው ሁለት እጥፍ ዙም ያድርጉ። ደግሞ ጠብታው ራሱ ሌንስ ነው፤ ከኋላው አበባ ቢኖር በውስጡ ተገልብጦ ይታያል። እኔ የዚህን ዓይነት ፎቶ ከቤተ መንግሥት ፎቶ አስበልጣለሁ። የፋሲልን ግንብ ሁሉም ሰው አንስቶታል፤ የእርስዎን ጎመን ግን ማንም አላነሳውም።

ጥያቄ፦ ውሃ ረጭቼ ጠል ባስመስልስ?

በሐምሌ? በጎንደር? ተው እንጂ።

ጥያቄ፦ ወፍ እንዴት ላንሳ? ዙሜ ደካማ ነው።

ወፍ አታባር፤ ተቀምጠህ ጠብቅ። ጋጋኖ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ያ ረጅም ቆልማማ መንቁር ያለው፣ ሰፈሩን በጩኸት የሚቀሰቅሰው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም። እርጥብ ሜዳ ላይ ትል ሲለቅም ቀስ ስለሚል ፋታ ይሰጥሃል። ጎጆ የሚሠሩት ቢጫ ወፎችም በዝናቡ ወቅት ነው ላባቸው የሚደምቀው። አንድ ነገር ግን፦ ጎጆ ለማንሳት ቅርንጫፍ አትቁረጥ፣ ቅጠልም አትግለጥ። እናቲቱ ሸሽታ ጫጩቶቹ ዝናብ ላይ ከቀሩ ፎቶው ለምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ከውጭ ገብቼ እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት ክፍል ስደርስ ሌንሱ ይታፈናል።

ቀዝቃዛ መስታወት ከሞቀ እንፋሎት ጋር ሲገናኝ ነው። ከመግባትህ በፊት ስልኩን ፌስታል ውስጥ አስረህ አስገባ፤ ሲሞቅ አውጣው። ካሜራ ያላችሁ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ ክረምቱን አታሳልፉት፣ ሌንሱ ሻጋታ ያበቅላል። ጠዋት ሲያበራ አናፍሱት። የጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች አትጣሉ። እርጥበት ይመጥልኛል ብሎ ሩዝ ውስጥ መክተት ግን ይቅር፤ ብናኝ ነው የሚተርፋችሁ።

ጥያቄ፦ መብረቅ ለማንሳት ጎሃ ተራራ ልውጣ?

አትውጣ! ቤት ሆነህ በመስኮት በኩል ቪዲዮ ቅረጽ፣ ከዚያ ብልጭ ያለበትን ቅጽበት ለይተህ አውጣ።

ጥያቄ፦ የዚህ ሳምንት ርዕስ “ጥላ” ነው። ፀሐይ የለም!

ርዕሱን ያወጣው ሰው በጋ መስሎት ነው መሰል። ፀሐይ ብልጭ ካለች ግን አንድ ነገር እወቂ። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ የቀትር ፀሐይ ጎንደር ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በዚያ ሰዓት የሚበራው የሰሜኑ ግድግዳ ነው፤ የደቡቡ ጥላ ውስጥ ነው። ጥላውም አጭር ስለሆነ ለዛፍ አይሆንም፣ ለቅጠል ግን ይበቃል። ካልሆነም የእጅ ባትሪ አለ። ደንቡ አይከለክልም።

ጥያቄ፦ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፎችን ማንሳት ይቻላል?

ቤትሽ ቅርብ ከሆነ እሰየው። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ቁስቋምም ግቢያቸው በዛፍ የተሞላ ነው። ግን አስፈቅጂ። በተለይ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ፍልሰታ ስለሆነ ሰው ጸሎት ላይ ነው፤ ፊት አታንሺ። የፋሲል መዋኛ አጥር ላይ የተጠማዘዙትን ሥሮች ደግሞ ዝናብ ሲያረጥባቸው እዪያቸው፣ ሲደርቁ የማይታይ ቀለም ያወጣሉ።

ጥያቄ፦ ከመላኬ በፊት ምን ያህል ላስተካክል?

አድማሱን አቅና፣ ጠርዝ ላይ የገባውን የመብራት ሽቦ ቁረጥ፣ ጨለማ ከሆነ ትንሽ አብራ። አረንጓዴውን ግን አትንካው፤ ሲጨመርበት ፕላስቲክ ይመስላል። ከዚያ አንድ ብቻ መርጠህ ላክ። አምስት ልካችሁ “እናንተ ምረጡልን” የምትሉ፣ አንመርጥም።