ተጠባባቂ የነበረ ተጫዋች አሰልጣኝ መሆን ይችላል?

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤታችን፣ ኋላም ለከተማችን ቡድን ቅርጫት ኳስ ስጫወት አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት በተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። አሁን የሰፈራችን ልጆች እንዳሰለጥናቸው ጠይቀውኛል፤ ነገር ግን «ራሱ ሳይሰለፍ ምን ሊያስተምር ነው?» የሚሉ ስላሉ እያመነታሁ ነው። ዝነኛ ተጫዋች ሳይሆን ትልቅ አሰልጣኝ የሆነ ሰው አለ?
(ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አለ፤ ለጥያቄዎ ከሁሉም የሚቀርበው ስቲቭ ከር ነው። ከር እ.ኤ.አ. በ1988 ወደ አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤን.ቢ.ኤ.፣ ሲገባ በ50ኛ ተራ የተመረጠ፣ አብዛኛውን ዘመኑንም ከወንበር እየተነሣ የተጫወተ ሰው ነው። በ1997 የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ የከር ቡድን ቺካጎ ቡልስና ዩታ ጃዝ 86 ለ 86 እኩል ሆነው ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ፣ የጃዙ ጆን ስቶክተን ከርን ትቶ የቡልሱን ኮከብ ማይክል ጆርዳንን ለመከላከል እንደሚሄድ ጆርዳንና ከር በእረፍቱ ላይ አስቀድመው ተነጋገሩ፤ ከርም ዝግጁ እንደሚሆን ለጆርዳን ነገረው። እንደተባለው ሆነ፤ ኳሷ ደረሰችው፣ አስቆጠረ፣ ቡልስም ዋንጫውን ወሰደ።

ከር በተጫዋችነቱ አምስት ዋንጫ ቢያነሣም፣ ለአሰልጣኝነቱ ይበልጥ የጠቀመው በአሰልጣኞቹ በፊል ጃክሰንና በግሬግ ፖፖቪች አጠገብ ተቀምጦ የተመለከተው ይመስለኛል። ጃክሰን ራሱ በኒው ዮርክ ኒክስ ተቀያሪ ነበር፤ ፖፖቪች ደግሞ በኤን.ቢ.ኤ. ጭራሽ አልተጫወተም።

በ2014 ከር ቀድሞ አሰልጥኖ ሳያውቅ ጎልደን ስቴት ዎርየርስን ተረከበ። በዓመቱ ፍጻሜ ላይ በክሊቭላንድ ካቫሊየርስ በጨዋታ ብዛት 2 ለ 1 ሲመሩ፣ ከረዳቶቹ መካከል ቪዲዮ ሲመለከት ያመሸ አንድ ወጣት፣ ረጅሙ ተጫዋች አንድሩ ቦጉት ወጥቶ አንድሬ ኢጉዳላ እንዲሰለፍ ሐሳብ አቀረበ። ከር ሐሳቡን ተቀበለ፤ አራተኛውን ጨዋታ 103 ለ 82፣ ዋንጫውንም 4 ለ 2 አሸነፉ፤ ምስጋናውንም በይፋ ለወጣቱ ሰጠ። ከዳር ተቀምጦ የሚያይ ሰው ምን እንደሚያይ ከር ጠንቅቆ ያውቅ ነበርና ይህ ውሳኔው ከዋንጫው በላይ ያስደንቀኛል። በኋላም በ2017፣ በ2018 እና በ2022 ሦስት ዋንጫ ጨምሯል።

ዝና አሰልጣኝነትን ይከለክላል ማለቴ ግን አይደለም፤ ታላቁ ቢል ራስል በ1968 እና በ1969 ቦስተን ሴልቲክስን እየተጫወተም እያሰለጠነም ለዋንጫ አብቅቷል።

ስለዚህ ልጆቹን ይቀበሏቸው። የአሰልጣኝነት ሥልጠና መቼ እንደሚሰጥ የአካባቢዎን የስፖርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ በልምምድ እረፍት ላይም ወንበር ላይ የቆዩትን ልጆች ምን እንዳዩ አስቀድመው ያናግሯቸው።