የ10 ወር ልጅሽ፦ ኦቲዝም ነው ወይስ ከፍቶት?

እህቴ፣ "ልጄ 10 ወሩ ነው፤ ሥራ ከተመለስኩ ወዲህ አይስቅም፣ ስጠራው ዞር አይልም፤ እናቴ ከፍቶት ነው ትላለች፣ የአራት ኪሎ ጎረቤቴ ደግሞ ኦቲዝም ይሆናል አለችኝ" ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱም በቤተሰቤ ደርሷል። የበኩር ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ የታናሽ እህቴ ልጅ ደግሞ እናቱ ከወሊድ በኋላ ድባቴ ሲይዛት አብሯት ፍዝዝ ብሎ ነበር።

ከጽሑፍሽ ያጣሁት አንድ ነገር፦ ሥራ ከመግባትሽ በፊትስ እንዴት ነበር? የእህቴ ልጅ በሦስት ወሩ ፊት ሲያይ እግሩን እያወራጨ ይስቅ ነበር። ሳቁ የጠፋው በኋላ ነው፤ ሲጠፋም ጡት ቀነሰ፣ ኪሎው ቆመ፣ እንቅልፉ ተቆራረጠ። አያቱ አዝላ እሹሩሩ ስትለው ግን ፈገግታው ብቅ ይል ነበር። እናቱ ታክማ ስትሻላት እሱም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

የእኔ ልጅ ደህና ይበላል፣ ይወፍራል፣ ይስቃልም፤ የሚስቀው ግን ለሚወዛወዝ መጋረጃ ነበር። ለእኔም፣ ለአባቱም፣ ለሞግዚቷም ያው ነው። ስሙን ስንጠራው ዝም፤ የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ግን ወዲያው ዞር! ዓመት ካለፈው በኋላም ወፍ አይቶ በጣቱ ጠቁሞ "እዪልኝ" ያለበት ቀን አልነበረም። በልምዴ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። ነገር ግን ኦቲዝም ያለባቸው አንዳንድ ልጆች ከ15 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ የነበራቸውን ቃል ያጣሉና "በፊት ደህና ነበር" ማለት ብቻውን አያስተማምንም።

ሬኔ ስፒትዝ የሚባል ሐኪም በ1946 እ.ኤ.አ. ከእናታቸው የተለዩ ሕፃናት መጀመሪያ እንደሚያለቅሱ፣ ቀጥሎ ክብደት እንደሚቀንሱና ፊታቸው ስሜት አልባ እንደሚሆን ጽፏል። እናት በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመለስ ያገግሙ ነበር። እነዚያ ግን ለወራት የተለዩ ናቸው፤ አንቺ ማታ ማታ ቤትሽ ነሽ። ስለዚህ ሥራ መግባትሽ ብቻውን እንዲህ አደረገው ብዬ አላምንም። ይልቅ ሞግዚቷ ቀን ታጫውተዋለች ወይስ ቴሌቪዥን ፊት ነው የሚውለው? አንቺስ ራስሽ እንዴት ነሽ? እንቅልፍሽ፣ ለቅሶሽ? ይህን ማንም ስላልጠየቀሽ ነው የምጠይቅሽ።

ከሁሉ በፊት ጆሮውን አስመርምሪ። የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት ዞር አይልም። የደም ማነስም ልጅን ያፈዛል፤ ደሙም ይታይ። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሪፈር ጠይቂ፤ ለአንቺ ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው፣ ሕፃናት ክፍልም ጆሮ ክፍልም አለው። ጸበሉንም ውሰጂው፤ ከምርመራ ጋር አይጣላም። ኦቲዝም የሚያመጣው ክትባት ነው የሚሉሽን ግን አትስሚ፤ ያንን ያናፈሰው የ1998 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሔት ራሱ ተሰርዟል።

በብዛት የሚሠራበት የኦቲዝም መጠይቅ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ በ10 ወር "ነው" ወይም "አይደለም" ብሎ የሚቆርጥልሽን አትመኚ፤ "ወንድ ልጅ ይዘገያል" ብለሽም አትቀመጪ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልም አለ፤ ከሐኪም በኋላ ካስፈለገ ጠይቂ።

ወደ ሐኪም ስትሄጂ በስልክሽ አጫጭር ቪዲዮ ይዘሽ ሂጂ፦ ሲበላ፣ ስሙ ሲጠራ፣ አያቱ ስታጫውተው። እዚያ ሲደርሱ ሁሉም ልጅ ወይ ያለቅሳል ወይ ይተኛል።