በቢሮ ዋይፋይ ኢንኮግኒቶ ከፍቶ ሥራ መፈለግ፦ በእኔ የደረሰው

ጠያቂዋ እህታችን «በምሳ ሰዓት በመሥሪያ ቤቴ ዋይፋይ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፤ በስልኬ ክሮም ላይ ኢንኮግኒቶ ከከፈትኩ አለቃዬ ሊያውቅ ይችላል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ይችላል። እኔም ያንን የኢንኮግኒቶን (የጎበኙትን ዝርዝር ስልኩ ላይ የማያስቀረውን የክሮም ስውር መስኮት) ባርኔጣና መነጽር ያለውን ምልክት አምኜ ሦስት ወር ሙሉ ሥራ ስፈልግ ቆይቼ የተያዝኩ ሰው ነኝ። አከፋፈቱን ያውቁታል ብዬ አልፈዋለሁ።

አንደኛ፣ ኢንኮግኒቶ የሚደብቅዎት በኋላ ስልኩን ከሚነካካ ሰው እንጂ መስመሩን ከያዘው አይደለም። ታቦቹን በሙሉ ሲዘጉ የጎበኟቸው ገጾች ዝርዝርና ኩኪዎቹ (ድረ ገጾች እርስዎን ለማስታወስ ስልክዎ ላይ የሚያስቀምጧቸው ትንንሽ መረጃዎች) ከስልክዎ ይጠፋሉ፤ ነገር ግን ሁሉም ያለፈው በመሥሪያ ቤቱ ራውተር (ዋይፋዩን በሚያከፋፍለው መሣሪያ) በኩል ነው። ገጹ የተመሰጠረ (ይዘቱ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የተሸፈነ) ከሆነ ያነበቡት ማስታወቂያ ባይታይም የድረ ገጹ ስም አብዛኛውን ጊዜ ይታያል። የኔትወርክ ባለሙያችን በኋላ በወዳጅነት መዝገቡን ሲያሳየኝ ሰዓቱ 12:40 ይላል (በእኛ 6:40 መሆኑ ነው)፤ የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጹ ስም ይከተላል፤ ከጎኑ ደግሞ ስልኩን የገዛሁ ዕለት ያወጣሁለት መጠሪያ፣ ማለትም የራሴ ስም ከነአባቴ ተጽፏል። ስለዚህ በራስዎ የሞባይል ዳታ ይጠቀሙ፤ የጥቅል ዋጋው ከደመወዝ አይበልጥም።

ሁለተኛ፣ ኢንኮግኒቶ ውስጥ ሆነው ጂሜይልዎን ከከፈቱ ለጎግል ማንነትዎን ነገሩት ማለት ነው። ድርጅቱ በዚሁ በኢንኮግኒቶ ጉዳይ በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተከሶ፣ በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠሩ የተጠቃሚ መረጃዎችን ለማጥፋት ተስማምቷል።

ሦስተኛውና እኔን ያስከፈለኝ ዳውንሎድ ነው። ኢንኮግኒቶ ውስጥ ያወረዱት ፋይል ታቡን ሲዘጉ አብሮ አይጠፋም፤ ስልክዎ ላይ ይቀመጣል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ለጽሑፍ ፈተና የተጠሩ አመልካቾችን ዝርዝር በፒዲኤፍ አውርጄ፣ ስሜን 14ኛ ተራ ላይ አይቼ ደስ ብሎኝ፣ ታቡን ዘግቼ ተረጋጋሁ። በማግስቱ አለቃዬ የአንድ ደንበኛ የባንክ ደረሰኝ በቶሎ እንድልክለት ፈልጎ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣና «ስጠኝ፣ ራሴ ልላከው» ብሎ ስልኩን ከእጄ ተቀበለ። ፋይሎቹን ሲከፍት ከደረሰኙ በላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ ያ ዝርዝር ተቀምጧል። ምንም አላለም። ደረሰኙን ልኮ ስልኩን መለሰልኝ።

በሳምንቱ ግን ለስድስት ወር ስጠብቀው የነበረው ሥልጠና ለሌላ ሰው ተሰጠ። ለምን ብዬ የሰው ኃይል ክፍል ብገባ ኃላፊዋ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ለመሄድ ለተነሣ ሰው አናሠለጥንም» አለችኝ። አራት ዓመት አንድም ቀን ሳላረፍድ የሠራሁበት ቤት ነው! እንዲያውም ስለቅ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ለማግኘት አራት ጊዜ አመላልሳኛለች፤ አንዴ ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ አንዴ ፈራሚው የለም እየተባለ።

ፈተናውን ግን አልፌዋለሁ፤ ከጽሑፉም ከቃለ መጠይቁም አንደኛ ወጥቼ።

አራተኛ ብዬ የጀመርኩት ነገር ነበረኝ፤ እርሱም ታቦቹን ሳይዘጉ ስልክ ማቀበልን ይመለከታል። በክሮም ቅንብር ውስጥ ኢንኮግኒቶ ታቦችን በጣት አሻራ የሚቆልፍ አማራጭ አለ፣ አይፎን ያላቸውም ከ2023 ወዲህ በሳፋሪ ያገኙታል። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ የዳውንሎድ ማኅደርዎን ይክፈቱና ከላይ ያለው ፋይል ምን እንደሆነ ይመልከቱ።