ለሬዚደንሲ ኢንተርቪው አሜሪካ ለምትጓዙ ሐኪሞች፦ ጥያቄና መልስ

ሬዚደንሲ በአሜሪካ ሆስፒታል የሚሰጥ የስፔሻሊስት ሥልጠና ነው፤ ማመልከቻው በሴፕቴምበር መጨረሻ ለሥልጠና ፕሮግራሞቹ ይከፈታል። ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ደግሞ ኢንተርቪው ነው። ስለ ፈተናውና ስለ ማመልከቻው የሚመክር ሰው ሞልቷል። ስለ ጉዞው ግን ብዙው ሰው የሚጠይቀው ቲኬት ከቆረጠ በኋላ ነው። ለዚህ ነው የጉዞ ጥያቄ ያላችሁ ቀደም ብላችሁ ላኩልኝ ያልኩት። እኔም ከአዲስ አበባ ተነስቼ በዚሁ መንገድ ያለፍኩ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ አሁን እጩዎችን ከሚጠይቁት ወገን ነኝ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክ፣ ከኮቪድ ወዲህ ሁሉም በዙም ሆኗል ይባላል። ታዲያ መሄድ ለምን አስፈለገ? — ጠቅላላ ሐኪም፣ ከጅማ

መልስ፦ አብዛኛው እውነትም በቪዲዮ ነው። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሁሉም ወደ ቪዲዮ ዞረ፤ ብዙዎቹም በዚያው ቀሩ። ግን በአካል ኑ የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ምርጫውን ለእጩው የሚተዉም አሉ። ስለዚህ የግብዣውን ኢሜይል እስከ መጨረሻው መስመር አንብብ። በቪዲዮ ካሉህ በቪዲዮ ነው። "ፊቴን ቢያዩኝ ይሻላል" ብለህ ሳትጠራ ሆስፒታላቸው ብትሄድ አይጠቅምህም፤ ኢንተርቪውን የምታስተባብረውን ሠራተኛ፣ ኮኦርዲኔተሯንም ታስጨንቃለህ። ከኢንተርቪው በኋላ ሰከንድ ሉክ የሚባል ጉብኝትም አለ። እዚያው አሜሪካ ካለህ ሂድ። ለእሱ ብቻ ብሎ ውቅያኖስ መሻገርን ግን አልመክርም።

ጥያቄ፦ ኤምባሲ ስቀርብ ምን ልበል? "ዘመድ ጥየቃ ነው በይ" የሚሉኝ አሉ። — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በፍጹም እንዳትዪ። ለሬዚደንሲ ኢንተርቪው በቢ-1/ቢ-2 የጎብኚ ቪዛ መግባት የተፈቀደ ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። ዲኤስ-160 የቪዛ ማመልከቻ ፎርሙ ላይም፣ ኤምባሲው መስኮት ላይም፣ አየር ማረፊያ ለኢሚግሬሽን ኦፊሰሩም የምትናገሪው አንድ ይሁን። ሐኪም ነኝ፣ እነዚህ ሆስፒታሎች ጠርተውኛል፣ በዚህ ቀን ጨርሼ እመለሳለሁ። በቃ። የግብዣ ኢሜይሎችሽን፣ ከአሜሪካ ውጭ ለተማሩ ሐኪሞች የሚሰጠውን የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬትሽን ከወጣልሽ፣ የመሥሪያ ቤትሽን የፈቃድ ደብዳቤ አትመሽ በእጅ ሻንጣሽ ያዢ። ከረጅም በረራ በኋላ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ወረቀት ግን እጅሽ ላይ ነው።

ሁለት ቀኖችን ደግሞ እንዳታምታቺ። ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን መግባት የምትችዪበት የመጨረሻ ቀን ነው። እስከ መቼ መቆየት እንደምትችዪ የሚነግርሽ አይ-94 የሚባለው መዝገብ ነው፤ እንደገባሽ ከመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ አውጥተሽ ተመልከቺው። ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ በአብዛኛው የ3 ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ ሆኗል። ስለዚህ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ተቀብሎ ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ለመግባት ማቀድ አይሆንም። በመሃል "ቶሮንቶ ያለችውን እህቴን አይቻት ልመለስ" ማለትም ጣጣ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ከኒውዮርክ፣ ከባልቲሞር፣ ከዲትሮይትና ከቺካጎ በአካል ኑ የሚል ግብዣ ደርሶኛል። ቀኑን እንዴት ልምረጥ?

መልስ፦ ይሄ ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ነው። ገንዘቡም ጉልበቱም የሚያልቀው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ልዘርዝረው።

ቀን ስትመርጥ መጀመሪያ ካርታውን እይ። ግብዣ በታላመስ (የኢንተርቪው ቀን በሚያዝበት ድረ ገጽ) ወይም በኢሜይል ሲመጣ ጥሩ ጥሩ ቀኖቹ ቶሎ ያልቃሉ፤ የዚያን ጊዜ ተቀምጦ ማሰላሰያ ጊዜ የለም። ስለዚህ ካሌንደርህን ከአሁኑ በአካባቢ ከፋፍለው። የኖቬምበር ሁለት ሳምንት ለምሥራቅ ዳርቻ፣ የዲሴምበር መጀመሪያ ለመካከለኛው ምዕራብ፣ እንደዚያ። ግብዣው ሲመጣ የዚያ አካባቢ ሳምንት ውስጥ ያለውን ቀን ትይዛለህ።

ምሥራቁ ላይ አውሮፕላን እርሳው። ከዋሽንግተን እስከ ቦስተን ያሉትን ከተሞች የአምትራክ ባቡር ያገናኛቸዋል። ከኒውዮርክ ፊላደልፊያ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከኒውዮርክ ዋሽንግተን 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ባልቲሞርም እዚያው መስመር ላይ ናት። ባቡሩ የሚያወርድህ መሃል ከተማ ነው፤ ፍተሻ ሰልፍ የለም፣ ሻንጣህ ከአጠገብህ ነው። ቲኬቱን ቀደም ብለህ ከቆረጥክ ዋጋው ይቀንሳል። ዲትሮይትና ቺካጎን ሌላ ሳምንት ላይ አገናኛቸው።

ቀኑ አልገጥም ካለ ለኮኦርዲኔተሯ ጻፍላት። "በዚህ ሳምንት በአካባቢያችሁ ስለምሆን የተለቀቀ ቦታ ካለ ብታስቡልኝ" የምትል ሁለት መስመር ትበቃለች። ብዙዎቹ ይተባበራሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በተከታታይ ቀናት ሁለት ከተማ ላይ ኢንተርቪው አትያዝ። የመጀመሪያው እስከ ከሰዓት ይቆያል፤ ማታውን መንገድ ላይ ታድራለህ፤ ጠዋት ሌላ ሆስፒታል ትቀርባለህ። በጠያቂው ወንበር ሆኜ ይሄንን አይቻለሁ። ግሩም ማመልከቻ ያለው ልጅ ሦስተኛው ጠያቂ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ይከብዳል። የራሱን የምርምር ሥራ ስጠይቀው ቁጥሮቹ ይጠፉበታል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ስላልተኛ ነው። ግን ከፊቴ ያለው ፎርም ላይ "ስላልተኛ ነው" የሚል ቦታ የለም።

ጥያቄ፦ ቲኬት መቼና እንዴት ልቁረጥ?

መልስ፦ ከአዲስ አበባ የሚነሳውን በረራ የመጀመሪያው ኢንተርቪው ወዳለበት ጎን አድርጊው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋሽንግተን ደለስም ቺካጎም አትላንታም ይበራል፤ ሁሉም ሰው በዋሽንግተን መግባት የለበትም። ከመጀመሪያው ኢንተርቪው ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድመሽ ግቢ። የ8 ሰዓት ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዓይንሽ ይፈጣል።

አሜሪካ ውስጥ ላለው በረራ አንድ ጥሩ ሕግ አለ። ከጉዞው 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቀድመሽ በቀጥታ ከአየር መንገዱ ከገዛሽ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ብትሰርዢው ሙሉ ገንዘብሽ ይመለሳል። ቀን ስትይዢ ወዲያው ቁረጪ፣ ማታውን አጣሪ። በጣም ርካሽ የሆነውን ቲኬት ስታዪ ደግሞ የእጅ ሻንጣ እንደሚጨምር አረጋግጪ። እንደ ፍሮንቲየር ያሉት በመነሻ ዋጋው የሚፈቅዱት ወንበር ሥር የምትገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው፤ ሻንጣው ለብቻ ይከፈልበታል።

ጥያቄ፦ ባፋሎ በጃንዋሪ ኢንተርቪው አለኝ። በረዶ ያሰጋል?

መልስ፦ ያሰጋል። ባፋሎ የኤሪ ሐይቅ ዳር ናት፤ ከሐይቁ የሚነሳው እርጥበት በአንድ ሌሊት ከተማውን በበረዶ ሊቀብረው ይችላል። ሮቸስተርና ክሊቭላንድም ቢሆኑ ሐይቅ ዳር ናቸው። ከኢንተርቪው በፊት ባለው ቀን የጠዋቱን የመጀመሪያ በረራ ያዝ። እሱ ቢሰረዝ ከኋላው ሌላ አለ። የማታውን የመጨረሻ በረራ ይዘህ ከተሰረዘብህ ግን አለቀ። ቢቻል ቀጥታ በረራ፤ ካልሆነም በጃንዋሪ ቺካጎ ላይ 40 ደቂቃ ብቻ ያለው መቀያየሪያ አትያዝ።

ከተሰረዘብህ ካውንተሩ ጋ ተሰልፈህ እያለህ ስልክም ደውል፣ አፑንም ክፈት፤ ቀድሞ የመለሰልህን ተጠቀም። በረራውን ራሳቸው ሰርዘው አንተም ላለመሄድ ከወሰንክ ገንዘቡን በቫውቸር ሳይሆን በገንዘብ የመቀበል መብት አለህ። ለኮኦርዲኔተሯም ወዲያው ንገራት፤ እዚያው ከተማ ስላለች አየሩን ታውቀዋለች። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በቪዲዮ ያደርጉልሃል።

መኪና ልከራይ ላልከኝ ሌላው ወንድሜም እዚሁ ልመልስ። በረዶ ላይ ነድተህ የማታውቅ ከሆነ ተው።

ጥያቄ፦ ሱፉን እንዴት አድርጌ ልያዝ?

መልስ፦ በእጅህ። ሱፍ፣ ሸሚዝ፣ ክራቫትና ጫማ ወደ ጭነት አይገቡም። ባለፈው የኢንተርቪው ወቅት እኔ ጋ ያረፈ አንድ ጎበዝ ልጅ ሻንጣው ሌላ ከተማ ቀርቶበት፣ ከእሱ አንድ ቁጥር የሚያንስ ጫማዬን አድርጎ ሆስፒታል ሄደ። ቀኑን ሙሉ ጉብኝት ስለነበር ማታ ሲመለስ ተረከዙ ተልጦ ነበር። ኮቱን ገልብጠህ ትከሻውን ትከሻው ውስጥ አስገብተህ እጠፈው፤ ሆቴል ስትደርስ ወዲያው ስቀለው። ካውያ አብዛኛው የአሜሪካ ሆቴል ክፍል ውስጥ አለ። ፈሳሽ ነገር በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አይፈቀድም። በርበሬና ሽሮ ለዘመድ ከያዝክ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ ከልብስህ ርቆ ይሁን።

ጥያቄ፦ የገና ጾም ላይ ነው የምሄደው። ከኢንተርቪው በፊት ባለው ማታ እራት አለ ተባልኩ። ምን ላድርግ? — ከደሴ

መልስ፦ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ኢንተርቪውም የሚደራው ያኔ ነው፤ ብዙዎቻችን ይገጥመናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከቀኑ በፊት የምግብ ነገር የሚጠይቅ ፎርም ይልካሉ፤ እዚያ ላይ "ቪጋን" ብለሽ ሙዪ። "ቬጀቴሪያን" ካልሽ ከነአይቡ ከነእንቁላሉ ይመጣልሻል። ፎርም ካልመጣ በኢሜይል ንገሪያቸው። ሐላል ለሚፈልጉም እንደዚሁ ነው፤ ሁሌም የሚጠየቁት ነገር ስለሆነ ማንም አይገረምም።

እራቱን ግን አትቅሪ። የሚገኙት ሬዚደንቶቹ ናቸው። የሌሊት ተራው ስንት እንደሆነ፣ ቪዛ ላይ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚረዳ፣ ከውጭ የመጡት ደስተኛ መሆን አለመሆናቸውን በግልጽ የሚነግሩሽ እዚያ ነው። የምትበዪው ሰላጣ ብቻ ቢሆንም ሂጂ።

ጥያቄ፦ ሆቴል ስይዝ ካርድ ይጠይቁኛል። ጥሬ ዶላር አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። አብዛኛው ሆቴል ስትገባ ከክፍሉ ዋጋ በላይ የመያዣ ገንዘብ ካርድህ ላይ ይይዛል፤ ከወጣህ በኋላ ለመለቀቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ከአገር ቤት ባንክ በያዝከው የቅድመ ክፍያ ካርድ ከሆነ ለዚህ የሚሆን ትርፍ ገንዘብ ይኑርበት። ኮኦርዲኔተሯን "ለእጩዎች ቅናሽ ያለው ሆቴል አለ?" ብለህ ጠይቅ፤ ብዙ ሆስፒታሎች አላቸው፤ አንድ ሌሊት የሚከፍሉም አሉ። ከሁሉም በላይ በእግር የሚደረስ ይሁን።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የእህቴ ልጅ ከጎንደር ለኢንተርቪው ትመጣለች፤ እኔ ጋ ነው የምታርፈው። ሐኪም አይደለሁምና ምን ላግዛት ልጄ?

መልስ፦ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ ስለጠየቁ። ከሁሉ በፊት እንቅልፍ ይስጧት። ዘመድ አዝማዱ እንኳን ደህና መጣሽ ማለቱ ከኢንተርቪው በኋላ ይሁን፤ ቡናው ይደርሳል። ካፖርት አዲስ አበባ ገዝታ እንዳትመጣ ይንገሯትና እንደመጣች በርሊንግተን ወይም ማርሻልስ ይውሰዷት፤ በጥሩ ዋጋ ታገኛለች። የስልክ ሲም በመጀመሪያው ቀን ያውጡላት።

ባልቲሞር ከሆነ እርስዎ ቢያደርሷት ደስ ይላታል። የጠዋቱን የ95 አውራ ጎዳና መጨናነቅ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታልና በጊዜ ይነሱ። ፊላደልፊያ ከሆነ ግን ዋዜማውን እዚያው ሆቴል ትደር። "ቤት እያለ ምን ሲባል" እንዳይሉ።

ጥያቄ፦ እኔ የተጠራሁት በቪዲዮ ነው፤ ባህር ዳር ሆኜ ነው የማደርገው። ሰዓቱ ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ እኛ አንነካውም። ስለዚህ ኒውዮርክ ላይ ከጠዋቱ 8:00 የተባለ ኢንተርቪው በኦክቶበር በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከዚያ እሁድ በኋላ 10 ሰዓት ይሆናል። ቺካጎ ከሆነ 11 ሰዓት፣ ካሊፎርኒያ ከሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት። በእኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፈው።

መብራት እንደሚጠፋ አድርገህ ተዘጋጅ። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ ዋይፋዩ ቢቋረጥ በስልክህ ዳታ ለመቀጠል ቀድመህ ሞክረው፣ የኮኦርዲኔተሯ ስልክ ቁጥር አጠገብህ ይኑር። ጀኔሬተር ያለው ሆቴል አንድ ክፍል መያዝ ከአሜሪካ ቲኬት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ጥያቄ፦ አንዱን ኢንተርቪው መሰረዝ ብፈልግስ?

መልስ፦ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመህ ጻፍ። ቦታው ለሌላ ሰው ይደርሳል። ዝም ብሎ መቅረት ግን አይደረግም።

ጥያቄ፦ ኢንተርቪው ከጨረስኩ በኋላ የት እንደተመደብኩ እስከሚታወቅበት ማች ቀን ድረስ እዚያው ልቆይ ወይስ ልመለስ?

መልስ፦ አይ-94 የፈቀደልህ ጊዜ ውስጥ መቆየት ትችላለህ፤ ሥራ መሥራት ግን አትችልም፣ ኪሱም ይጎዳል። እኔ የምመክረው መመለስን ነው። ማች ቀን የማርች ሦስተኛው ዓርብ ነው፤ ማች ማድረግ አለማድረግህን ግን ሰኞ ትሰማለህ። ካልሆነልህ በዚያው ሳምንት ሶፕ በሚባለው ሂደት ክፍት ለቀሩት ቦታዎች ታመለክታለህ፤ ፕሮግራሞቹም በስልክና በቪዲዮ ያነጋግሩሃል። ስለዚህ የመልስ በረራህ ከዚያ ሰኞ እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት ላይ አይውደቅ።

ከሆነልህ ደግሞ ሩጫው አዲስ አበባ ነው። ለጄ-1 የሥልጠና ቪዛ ከጤና ሚኒስቴር የሚወጣ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ቪዛውም በኤምባሲ በኩል ነው። ሥልጠናው ጁላይ 1 ገደማ ይጀምራል፣ ኦሪየንቴሽኑ ጁን ላይ። ደብዳቤው ምን ምን ሰነድ እንደሚጠይቅ ጃንዋሪ ላይ እንደተመለስክ ሚኒስቴሩ ሄደህ ጠይቅ፤ ማርችን አትጠብቅ።