ሁለተኛው መርፌ ለምን ይብሳል? የክትባት ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው የኮቪድ ክትባት ምንም አላለኝም። ሁለተኛው ግን አልጋ ላይ ጣለኝ። ያሰጋል?

መልስ፦ አያሰጋም፣ በፋይዘርና በሞደርና በብዛት የታየ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዶዝ ሰውነታችሁ ገና እየተዋወቀ ነው። በሁለተኛው ግን የሚያስታውሱ ሴሎች ስላሉ ቶሎና በኃይል ይነሳሉ፤ ትኩሳቱም ብርድ ብርድ ማለቱም መቆረጣጠሙም የሚመጣው የመከላከያ ሴሎቻችሁ እርስ በርስ ከሚጠራሩበት ኬሚካል ነው። ለዚህም ነው ኮቪድ ይዞት የነበረ ሰው ገና በመጀመሪያው ዶዝ የሚታመመው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ብብት ስር ንፍፊት ቢወጣም አትደንግጡ።

ጥያቄ፦ እኔን ምንም አላመመኝም። አልሠራልኝም ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! በፋይዘር ሙከራ ከሁለተኛው ዶዝ በኋላ ያተኮሳቸው ከ5 ሰው 1 አይሞሉም ነበር። በኮቪድ ከመታመም የመከላከል አቅሙ ግን 95 በመቶ ገደማ ነበር። ሕመሙን እንደ መለኪያ አትዩት።

ጥያቄ፦ ቶሎ ቶሎ ብከተብ የበለጠ አልጠነክርም?

መልስ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቴታነስን (መንጋጋ ቆልፍን) እንውሰድ። ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካሉ፣ ማለትም ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን፣ ገና ሞልቶ ሳለ ደግማችሁ ከተወጋችሁ ክንዳችሁ ከትከሻ እስከ ክርን ሊያብጥ ይችላል፤ በብዙ አገር ማጠናከሪያው በየ10 ዓመቱ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዶዞች መካከል ያለው ጊዜ ባዶ አይደለም፣ ሴሎቹ የተሻለውን ፀረ እንግዳ አካል የሚመርጡት ያኔ ነው። የኮቪዱ ክትባት በጥቂት ወጣት ወንዶች ላይ ያመጣው የልብ ጡንቻ መቆጣትም ዶዞቹ በ8 ሳምንት ሲራራቁ ቀንሷል። ቢጫ ወባማ አንዴ ከተወጋችሁ ለአብዛኛው ሰው ዕድሜ ልክ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የሄፓታይተስ ቢ ክትባቴን ከ2ኛው ዶዝ በኋላ አቋረጥኩ። ከ1 ልጀምር?

መልስ፦ አያስፈልግም፣ ካቆምክበት ቀጥል። ሴሎቹ አልረሱም።

ጥያቄ፦ ፓራሲታሞል አስቀድሜ ብውጥስ?

መልስ፦ አስቀድመህ አትዋጥ፣ ካተኮሰህ በኋላ ግን ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ የትኛው ምልክት ነው ሐኪም ጋር የሚያስሮጥ?

መልስ፦ በደቂቃዎች ውስጥ ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ። ከተከተባችሁ በኋላ 15 ደቂቃ ቁጭ በሉ የምትባሉት ለዚሁ ነው፣ ስልክ እየነካካችሁ ጠብቁ። በቀጣዮቹ ቀናት ደረት ላይ ሕመም ወይም የልብ ምት መዛባት ከመጣም እቤት አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሂዱ።