«ማህፀኔ ወርዷል፤ ስፖርት ሥሪ ተባልኩ»

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት እናት ነኝ። አራት ልጆች ወልጃለሁ፤ የመጨረሻዋን የተገላገልኩት ብዙ አምጬ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆሜ ስውል ማታ ማታ ከታች አንዳች ነገር ወርዶ ሊወጣ ይመስለኛል፤ ስተኛ ይመለሳል። ሳስል ሽንት ያመልጠኛል። ሐኪም አይቶኝ «ማህፀንሽ ወርዷል፤ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ስፖርት ሥሪ» አለኝ። ምን ዓይነት ስፖርት? ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም።
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ማህፀናቸው ጨርሶ እስኪወጣ ዓመታት ደብቀው የሚመጡ እናቶችን ስለማክም፣ ማህፀንሽ እስከ ብልትሽ አፍ አካባቢ ብቻ በወረደበት በዚህ በሁለተኛው ደረጃ መጠየቅሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል።

ማህፀንን፣ ፊኛንና ፊንጢጣን ከሥር የሚደግፈው ጡንቻ እንደ አልጋ ጠፍር ነው። የረዘመ ምጥ፣ ተደጋጋሚ ወሊድ፣ ሸክም፣ የቆየ ሳልና የሆድ ድርቀት ያላሉታል። ሐኪምሽ ስፖርት ያለሽ ይህንኑ ጡንቻ ማጠንከሪያውን ነው፤ አሠራሩ እንዲህ ነው።

በጀርባሽ ተኚና ጉልበትሽን እጠፊ። ጋዝ እንዳያመልጥሽ እንደምትይዢው ፊንጢጣሽን ጨምቂ፤ የሽንት መውጫሽንም አስከትለሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ሆዳቸውንና መቀመጫቸውን ያጠብቃሉ፤ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። አንዳንዶች ጭራሽ እንደሚያምጥ ሰው ወደ ታች ይገፋሉ፤ ይሄማ ያባብሰዋል። አንድ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ፤ ሆድሽ ከጠነከረ ልቀቂና እንደገና ጀምሪ። ከ6 እስከ 10 ሰከንድ ይዘሽ ያንኑ ያህል አሳርፊው። ይህን ከ8 እስከ 12 ጊዜ እየደጋገምሽ በቀን 3 ጊዜ ሥሪ። አቅምሽ 3 ሰከንድ ከሆነ በ3 ጀምሪ። ሽንት እየሸናሽ እያቋረጥሽ መለማመዱ ግን ይቅርብሽ። ለውጡ በሳምንት አይመጣም፤ 4 ወር ሳታቋርጪ ሥሪ።

ሲያስልሽ፣ ሲያስነጥስሽ፣ ዕቃ ልታነሺ ስትይ ቀድመሽ ጨምቂ። ባለ20 ሊትሩን ጀሪካን ግን አንቺ አታንሺው። ለባለቤትሽ ንገሪው፤ ካላወቀ እንዴት ያግዝሻል?

ስፖርቱ የመውረድ ስሜቱንና የሽንቱን ማምለጥ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ የወጣን ማህፀን አይመልስም። ለዚያ ፔሳሪ የሚባል ከሥር የሚደግፍ የሲሊኮን ቀለበት ወይም ኦፕሬሽን አለ። ለአንቺ ቅርብ የሆነው የባሕር ዳሩ ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ፊስቱላ ብቻ ሳይሆን የማህፀን መውጣትንም ያክማል። ፊዚዮቴራፒስት ካገኘሽ አጨማመቅሽን መርምራ ታርምሽ። ደም ካየሽ፣ ሽንት አልወጣ ካለሽ ወይም የወጣው ተኝተሽም አልመለስ ካለ 4 ወሩን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ።