የቤተሰብ ቪዲዮ ኤዲት በተደረገ ቁጥር ለምን ይበላሻል? ጠይቁኝ

እንደምን ሰነበታችሁ? የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ ሲነካካ ጥራቱ አለቀ የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ስለበዛብኝ፣ ዛሬ እዚሁ በግልጽ እንነጋገርበት። ባሕር ዳር ሆኜ የምሠራው ይኸንኑ ነው። የገባኝን ያህል እመልሳለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ የእህቴን ሰርግ ስልኬ ላይ በካፕከት ቆረጥኩና ሴቭ አደረግኩት። ሴቭ ያደረግኩትን መልሼ ከፍቼ ዘፈን ጨመርኩ፣ እንደገና ሴቭ። በመጨረሻ ስም ጻፍኩበት። አሁን ፊቷ ሰም የተቀባ ይመስላል። ምን ነካው?

ወንድሜ፣ ሦስት ጊዜ ተጨምቆብሃል። ስልክ የሚቀዳው ኤች 264 ወይም ኤች 265 በሚባል ኮዴክ፣ ማለትም የቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ ነው። እነዚህ ፋይሉን የሚያሳንሱት ዓይን ብዙ አያስተውለውም የሚሉትን ዝርዝር እየጣሉ ነው። አንዴ የተጣለ አይመለስም። ሁለተኛው ኤክስፖርት (ያለቀውን ቪዲዮ ሴቭ አድርጎ ማውጣት) ከተረፈው ላይ ደግሞ ይጥላል፤ ይባስ ብሎ የመጀመሪያው የፈጠረውን እድፍ የምስሉ አካል አድርጎ ስለሚቆጥረው እሱን ለማስቀመጥ ቦታ ያባክናል። ቀድሞ የሚጠፋው የፊት ቆዳ፣ የሐበሻ ቀሚሱ ጥለትና ጨለማው ጥግ ነው። የተበላሸውን ቪዲዮ ለማሻሻል አትድከም፤ ከኦርጅናሎቹ ጀምር። መቁረጡንም፣ ዘፈኑንም፣ ጽሑፉንም አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ጨርስና ኤክስፖርት አንዴ ብቻ አድርግ። ስህተት ካየህ ያለቀውን ቪዲዮ ሳይሆን ፕሮጀክቱን ነው የምትከፍተው። ኦርጅናሎቹን ደግሞ ስልኩ ሞላ ብለህ እንዳትሰርዝ አደራ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ስንገለብጥስ ይቀንሳል?

በፍጹም። መቶ ጊዜ ብትገለብጡት ያው ነው። ሰው የሚፈራው ከቪኤችኤስ ዘመን የቀረ ነገር ነው፤ ያኔ ካሴት ከካሴት ሲቀዳ እውነትም በየቅጂው ይደበዝዝ ነበር። አሁን የሚያበላሸው መላላኩ ነው። ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል ላኩት፣ እስከ 2 ጊጋባይት ሳይነካው ያደርሳል።

ከዳንግላ፦ መጀመሪያውንና መጨረሻውን መቁረጥ ብቻ ነው የፈለግኩት። ለዚህም ይጨመቃል?

በተለመደው ፕሮግራም አዎ፣ ሎስለስ ከት በሚባለው የመቁረጫ ፕሮግራም ግን አይጨመቅም። እሱ ቪዲዮውን ሳይፈታ እንዳለ ይቆርጠዋል። አንድ ነገር ብቻ እወቅ። በእነዚህ ፎርማቶች ሙሉ ሆኖ የሚቀመጠው አልፎ አልፎ ያለ አንድ ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ምስሎች አንዱ) ነው፤ በመሃል ያሉት ከጎረቤታቸው የተለወጠውን ብቻ ነው የሚይዙት። ስለዚህ ቁረጡ ሙሉው ፍሬም ላይ ያርፋልና አንዳንዴ አንድ ሁለት ሰከንድ ትርፍ ይመጣብሃል። እኔ ትርፉን እመርጣለሁ።

ከእንጅባራ፦ ጥር 23 የፈረሰኞቹን በዓል ቀረጽኩ። ሲቆሙ ጥርት ያለ ነው፣ ሲጋልቡ ግን አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል።

እንደሱ ያለ ትዕይንት ለኮዴክ ከባድ ነው። አቧራው፣ ሣሩ፣ የፈረሱ ጋማ፣ ያ ሁሉ እግር፤ ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው ሳይለወጥ የቀረ ነገር የለም። ቢትሬቱ (ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚመደበው የዳታ መጠን) ትንሽ ከሆነ የሚይዝበት ቦታ ያጣና ወደ ካሬ ይሰባብረዋል። መጀመሪያ ኦርጅናሉን አጫውተህ እይ። እሱ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ኤክስፖርቱ ላይ ነውና ቢትሬቱን ከፍ አድርገህ ድገመው። ሃንድብሬክ የሚባለውን የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም የምትጠቀም ከሆነ የጥራት ቁጥሩን 18 አካባቢ አድርገው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ነው የሚጨምረው። ኦርጅናሉ ራሱ ከተሰባበረ ግን ያለው ያ ነው።

ከሞጣ፦ የልጆቼን ቪዲዮ በየዓመቱ እቀጥላለሁ። አምና በሠራሁት ላይ የዘንድሮውን እጨምርበታለሁ። የመጀመሪያው ዓመት አሁን በቅጡ አይታይም።

እህቴ፣ ከሁሉም ያንቺ ጥያቄ ነው የሚያንገበግበኝ። የመጀመሪያው ዓመት በየዓመቱ አብሮ እየተጨመቀ ነው የመጣው፣ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ሕፃን አይሆንም። የድሮዎቹ ኦርጅናሎች የሆነ ሚሞሪ ላይ ካሉ ፈልጊያቸው፣ ካገኘሽ ከነሱ እንደገና መገጣጠም ይሻላል። ከዚህ በኋላ ግን ሁለት ነገር አውጪ። አንዱ ለማየት የሚሆን ቀለል ያለ ኤምፒ 4፣ ሌላው የሚቀመጥ ማስተር። ማስተሩ ፕሮሬዝ ወይም ዲኤንኤክስኤችአር በሚባሉት የኤዲቲንግ ፎርማቶች ይሁን። በነሱ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ሙሉ ነው፣ መጨመቃቸውም ቀላል ስለሆነ ደጋግመሽ ብታወጪበት በዓይን ልዩነቱን ማየት ያስቸግራል። ዊንዶውስ ላይ ከሆንሽ የዳቪንቺ ሪዞልቭ (የኤዲቲንግ ፕሮግራም ነው) ነፃው እትም ዲኤንኤክስኤችአር ያወጣልሻል። ዋጋው ቦታ ነው፤ ፕሮሬዝ 422 በ1080፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ለአንድ ሰዓት ወደ 55 ጊጋባይት ይወስዳል። የከርሞውን ዘንድሮ ከምታወጪው ማስተር ላይ ነው የምትቀጥይው፣ ከኤምፒ 4ቱ ላይ አይደለም። የተበላሸውን ወደ ፕሮሬዝ ብትቀይሪው ግን አይሻሻልም፣ ያለው ባለበት እንዲቆይ ብቻ ነው የሚረዳሽ።

ከቢቸና፦ የእናታችን ድምፅና መልክ ያለው ሚኒ ዲቪ ካሴት ላይ ብቻ ነው። አንድ ቤት በቢጫና ቀይ ገመድ ገልብጦልን ነበር፣ ደስ አይልም።

ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። ካሴቱን ካልጣሉት ተስፋ አለው። ሚኒ ዲቪ ላይ ያለው ዲጂታል ነው። በቢጫ ገመድ ሲወጣ ወደ አናሎግ ተቀይሮ እንደገና ይጨመቃል። ካሜራውን ከኮምፒውተር ጋር በፋየርዋይር (ዲጂታል ገመድ ነው) ካገናኛችሁት ግን ካሴቱ ላይ ያለው እንዳለ ነው የሚገለበጠው፣ ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ነው። ያንን ፋይል ሳትነኩ አስቀምጡት። ሰው ሲንቀሳቀስ የሚታዩት መስመሮች ብልሽት አይደሉም፣ ያን ጊዜ ምስሉ በሁለት ግማሽ እየተከፈለ ስለሚቀረጽ ነው፤ መስመሩን ማጥፋት ለስልክ በምታወጡት ቅጂ ላይ ብቻ ይሁን። ሰፊው ስክሪን ይሙላ ብሎ ጎን ለጎን የሚለጥጥ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ እምቢ በሉ። እናታችሁን ሌላ ሰው ያደርጋቸዋል፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ቢሆን ምን አለበት?

ከቡሬ፦ እኛ ያለን ዲቪዲ ብቻ ነው፣ ካሴቱ ጠፍቷል።

እንግዲያው ኦርጅናላችሁ እሱ ነው። ሜክ ኤምኬቪ በሚባለው ፕሮግራም ሳይጨመቅ ወደ ኮምፒውተር አውጡት። ዛሬ ነገ አትበሉ፣ በቤት የተቃጠለ ዲቪዲ መረጃው የተጻፈበት የዲስኩ ቀለም ሲያረጅ መነበብ እምቢ ይላል።

ከባሕር ዳር፦ የት ይቀመጥ?

ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቤት። ካሴት ያላችሁ ደግሞ ከእርጥበት አርቁት፣ እርጥበት ካሴቱን ያሻግተዋል፤ የሻገተ ካሴት ማጫወቻ ውስጥ አታስገቡ፣ ቴፑንም ማጫወቻውንም ያበላሻል።